ተገጣጣሚ የእንጨት ግንባታ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስፋፊያ

የተማሪዎች ቁጥር ከመማሪያ ክፍሎች ቁጥር ቀድሞ በሚያድግባቸው ከተሞች የትምህርት ኃላፊዎች የሚገጥማቸው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ ትምህርት ሳይቋረጥ ተጨማሪ ክፍሎችን በአጭር ጊዜ እንዴት መሥራት ይቻላል? በጀርመንና በስዊዘርላንድ ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት ምላሾች አንዱ ተገጣጣሚ የእንጨት ግንባታ ነው።

ይህ የግንባታ ዘዴ በአገራችን ከሚታወቀው የእንጨትና የጭቃ ቤት ጋር መምታታት የለበትም። ዋነኛ ግብአቱ የደረቁ ጣውላዎችን እያመሳቀሉ በመነባበርና በሙጫ በማጣበቅ የሚዘጋጅ ወፍራም ሰሌዳ ሲሆን፣ ለግድግዳ፣ ለወለልና ለጣሪያ ያገለግላል። የአንድ ሜትር ኩብ ክብደቱ ወደ 500 ኪሎ ግራም ሲጠጋ የአርማታ ክብደት ግን ወደ 2 ሺህ 500 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በዚህም ምክንያት መስኮቱና የኤሌክትሪክ መስመሩ የተገጠመለትን የክፍል አካል ከፋብሪካ በጭነት መኪና አጓጉዞ በክሬን ማስቀመጥ ይቻላል።

ለአብነት ያህል፣ በጀርመን ፍራንክፈርት ከተማ የሚገኘው የአውሮፓ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በዚሁ ዘዴ ተስፋፍቷል። ማስፋፊያው 400 ያህል የመዋዕለ ሕፃናትና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን እንዲያስተናግድ ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ ንድፉን ያወጣው ኤንኬባክ የተሰኘው የከተማዋ የሥነ ሕንፃ ድርጅት ነው። ሳጥን መሰል አካላቱ የተመረቱት በኦስትሪያ፣ በካውፍማን ባውዚስተመ ፋብሪካ ነው። እያንዳንዱ ሳጥን 3 ሜትር በ9 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሲሆን፣ ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ መማሪያ ክፍል ይሆናሉ። የሳጥኑን ወርድ በአብዛኛው የሚወስነው መንገዱ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2 ነጥብ 55 ሜትር በላይ ወርድ ያለው ጭነት በመደበኛነት ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል።

የጊዜው ቁጠባ የሚገኘው መሠረቱ በትምህርት ቤቱ ግቢ በሚወጣበት ወቅት ክፍሎቹ በፋብሪካ ጎን ለጎን ስለሚመረቱ ነው። ጩኸትና አቧራ የሚበዛበት የግቢ ሥራም በእረፍት ወራት ሊጠናቀቅ ይችላል። ሆኖም ይህ ጥቅም ለአሠሪው መሥሪያ ቤት ያለ ዋጋ አይመጣም። በተለመደው ግንባታ ግድግዳ እየቆመ የመብራት ማብሪያ ቦታ መቀየር፣ በር ማዛወር ወይም የለውጥ ሥራ ትዕዛዝ መስጠት የተለመደ ነው፤ በፋብሪካ ምርት ግን ሰሌዳው ከተቆረጠ በኋላ የሚደረግ ለውጥ ጊዜውንም ገንዘቡንም ያባክናል። ስለሆነም የትምህርት ቤቱ አስተዳደር፣ መምህራኑና አማካሪው መሐንዲስ ከማምረቱ በፊት ተስማምተው መጨረስ ይኖርባቸዋል። ውሳኔን ማዘግየት ለለመደ ቢሮ ከባዱ ነገር እንጨቱ ሳይሆን ይኸው ነው።

የክፍያ ሥርዓቱም የተለየ ነው። ከሥራው አብዛኛው የሚከናወነው በፋብሪካ በመሆኑ፣ ግቢው ገና ባዶ ሳለ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። ውሉ በግቢው በሚታይ ሥራ ላይ ብቻ የተመሠረተ ከሆነ አምራቹ የገንዘብ እጥረት ይገጥመዋል፤ ያለ ባንክ ዋስትናና ያለ ፋብሪካ ቁጥጥር ከተከፈለ ደግሞ የመንግሥት ገንዘብ ለአደጋ ይጋለጣል።

በእንጨት ሕንፃ ላይ ዘወትር የሚነሳው የእሳት ሥጋት በስሌት የሚመለስ ነው። በአውሮፓ የዲዛይን ደንብ መሠረት የጥድ ዓይነት እንጨት በደቂቃ 0 ነጥብ 65 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እንደሚከስል ይታሰባል። ለ30 ደቂቃ የሚቃጠለው 20 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ የሰሌዳው ውፍረት ይህንኑ ታሳቢ ያደርጋል፤ የማምለጫ መንገዶች ግን በማንኛውም ሁኔታ አስፈላጊ ናቸው። ከእሳት ይልቅ ሳይታይ የሚጎዳው እርጥበት ሲሆን፣ እንደ ምዕራብ ወለጋ ባሉ ምስጥ በሚበዛባቸው አካባቢዎች ዘዴው ቢታሰብ የመሠረቱ ከፍታና የምስጥ መከላከያው ቀዳሚ ጉዳይ ይሆናል።

የስዊዘርላንዷ ዙሪክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዙሪ ሞዱላር የተሰኙ የእንጨት መማሪያ ሕንፃዎችን በትምህርት ቤት ግቢዎች ስታቆም ቆይታለች። ሕንፃዎቹ የተማሪ ቁጥር ሲቀንስ ተነቅለው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መዛወር እንዲችሉ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ይሁን እንጂ የሚዛወረው ሕንፃው ብቻ ነው፤ መሠረቱ፣ የውኃውና የፍሳሽ መስመሩ በአዲሱ ቦታ እንደገና የሚሠሩ በመሆናቸው ራሱን የቻለ በጀት ይፈልጋሉ።