የዝቅተኛ ቅኝት ጥያቄ፦ ጊታርና በገና

ጊታርን ከመደበኛው ከፍታ ዝቅ አድርጎ መቃኘት በዘመኑ ሙዚቀኞች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፣ መደበኛው ልክ ራሱ የቅርብ ጊዜ ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ላይ የተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የ«ላ» ድምፅ በሴኮንድ 440 ንዝረት እንዲኖረው የወሰነ ሲሆን፣ በዚህ ልክ የጊታር ወፍራሙ ክር በ82 ንዝረት ገደማ ይቃኛል። ክሩ በግማሽ ድምፅ ሲወርድ ንዝረቱ 78 ያህል ይሆናል፤ ውጥረቱ ግን ከንዝረቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ በ11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ የላላውም ክር ከፍሬቶቹ ጋር እየተነካካ «ዝዝ» ማለት ይጀምራል። ጊታር ተጫዋቾች ይህን እንደ ጉድለት ስለሚቆጥሩት ወፍራም ክር ይቀይራሉ።

የኦርቶዶክስ ክርስትና ሥር በሰደደባቸው እንደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ባሉ አገሮች የዐቢይ ጾም መሣሪያ የሆነው በገና ግን ይህንኑ ድምፅ ሆን ብሎ ይሻዋል። አሥሩ የበገና አውታሮች በወጉ ከበግ አንጀት የሚዘጋጁ ረጃጅምና እምብዛም ያልተወጠሩ ናቸው፤ በእያንዳንዱ አውታርና አውታሩን በሚሸከመው በርኩማ መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። አውታሩ ሲርገበገብ እየደጋገመ በርኩማውን ስለሚነካ በርካታ ተከታይ ድምፆች ይወለዳሉ፤ በራሱ ለጆሮ የሚደክመው ወፍራም ድምፅም በእነርሱ አማካይነት ጎልቶ ይሰማል። ስለዚህ በገና መቃኘት ሁለት ሥራ ነው፦ ደርዳሪው በቀንበሩ ላይ ያለውን መቃኛ አዙሮ አውታሩን ከወጠረ ወይም ካላላ በኋላ፣ እንዚራዋን በጥቂቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እየገፋ ድምፁ እስኪፈታ ይፈልጋል፤ ቦታዋን ከሳተች አውታሩ ይደነቁራል።

ለዚህ መሣሪያ 440 የሚባል ልክ የለም፤ ደርዳሪው አውታሩን ከራሱ ድምፅ ጋር ያስማማል፤ የሚጠበቀው ቅኝቱ፣ ማለትም በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ብቻ ነው። አንጀት እርጥበት ስለሚስብም ጓሳን በመሰለ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ በሚገኝ ጉም በማይለየው ደጋ ቅኝቱን ዘወትር ማረም ግድ ይላል። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገናን ያስተማሩት ዓለሙ አጋ ኢትዮጲክስ በተባለው የአልበም ተከታታይ 11ኛ ቅጽ ላይ ከድምፃቸውና ከበገናቸው በቀር ሌላ አጃቢ አለማስገባታቸው፣ ልኩ ከሰው ጉሮሮ እንዲነሣ መንገድ ይተዋል።

ሁለቱን መሣሪያዎች ማጣመር ሲፈለግ ችግሩ ይገለጣል። በገናው ወደ ጊታሩ ልክ ከተሰቀለ ደርዳሪው ከደረቱ ድምፅ ይወጣል፣ እንዚራዋም እንደገና መስተካከል ይኖርባታል፤ ጊታሩ አንድ ሙሉ ድምፅ ቢወርድ ግን የሚያጣው 20 በመቶ ገደማ ውጥረት ነው፤ እሱንም ወፍራም ክር ይክሰዋል። በዚህ ጥምረት መውረድ ያለበት ጊታሩ ነው።