ጨለንቆ በሳሎን ውስጥ

በ1847 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1855) እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ሐረር ገብቶ ከአሚር አሕመድ ፊት ሲቀርብ፣ ዓይኑ አሚሩ ላይ ብቻ አልቀረም፤ ግድግዳውንም አየ። ጨለም ያለ ክፍል ነበር። ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል፣ በነጩ ላይ የዛጉ ጠመንጃዎችና የተወለወሉ የእግር ብረቶች ተሰቅለዋል። በርተን ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው የሚያልፈው። ጠመንጃው ዝጎ እግር ብረቱ ማብረቅረቁ ግን ስለ አገዛዙ ብዙ ይናገራል፦ የትኛው ዕቃ ዘወትር ሥራ ላይ እንደሚውል ግድግዳው ራሱ ያሳብቃል።

ያ የአሚር ግድግዳ ነው። የነዋሪው ግድግዳ ሌላ ነገር ይናገራል።

የሐረሪ ነባር ቤት ዋና ክፍል ጊድር ጋር ይባላል፤ ትልቅ ቤት ማለት ነው። ስሙ ትልቅ ይበል እንጂ ክፍሉ በዛሬ ሳሎን ልክ ሲታይ ትንሽ ነው። ጣሪያው ጎን ለጎን በተደረደረ ግንድ ላይ አፈር ተደልድሎበት ስለሚሠራ፣ የክፍሉን ስፋት የሚወስነው የእንጨቱ ርዝመት ነው። በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ ወንበር የለም፣ አልጋም የለም። ወለሉ ራሱ ከፍና ዝቅ እያለ አምስት መደብ ይሆናል። በሐረሪ ቋንቋ ነደባ ይባላሉ፦ የአሚሩ ነደባ፣ ትልቁ ነደባ፣ ትንሹ ነደባ፣ ከበሩ ኋላ ያለው ነደባና ስውሩ ነደባ። የአሚሩ የሚባለው የቤቱ ጌታ መቀመጫ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው በበሩ የሚገባውን ሁሉ ያያል። እንግዳም ማዕረጉን የሚያውቀው በመደቡ ከፍታ ነው።

ከመደቡ በላይ ግድግዳው ነጭ ነው። በግድግዳው ውፍረት ውስጥ አሥራ አንድ የዕቃ ጎድጓዳዎች ተበጅተዋል፤ ቁርኣኑም ጽዋውም ሸክላውም ቦታ ቦታ አለው። አፍላላ የሚባሉት አራቱ ጥቁር ማሰሮዎች፣ ሾጣጣ የስፌት ክዳናቸውን ደፍተው፣ በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ። የቀረው ነጭ ቦታ በስፌት ይሞላል። ሙዳዩ፣ ሰፌዱ፣ የእንጨት ገበታው፣ በኋላ ዘመን ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣው አበባ የተሣለበት የብረት ሳህን፣ በመጠንና በጥንድ ተመዝኖ ይሰቀላል። ይህን ጌጥ ብቻ ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ልጃገረዶች ሞያ ጋር በሚባለው ቤት ተሰብስበው ስፌት ይማሩ ነበር፤ ስለዚህ ግድግዳው ላይ ያለው የእናትና የልጅ የዓመታት ሥራ ነው፣ በአብዛኛውም ከጋብቻ ጋር የተያያዘ። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከታየም በቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። ጎረቤት ሳይጠይቅ ያነባል።

ነጩን ግድግዳ ቁልቁል ሲከተሉት ግን ዓይን ቀይ ላይ ያርፋል። መደቦቹ ቀይ ናቸው፣ ወለሉም ቀይ ነው። ነባሩ ቀለም ከቀይ አፈር የሚዘጋጅ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ቤት የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ተክቶታል። ለምን ቀይ? ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ የጨለንቆ ደም።

በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር ጨለንቆ ላይ ከአሚር አብዱላሂ ጦር ጋር ገጠመ። ግብፆች ሐረርን ለቅቀው ከወጡ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም ነበር። ውጊያው አጭር ነበር፤ አሚሩ ተሸነፈ፣ ከተማዪቱ ተያዘች፣ መኮንን ወልደ ሚካኤል ገዢ ሆነው ተሾሙ። በአማርኛ የታሪክ መጻሕፍት ይህ ብዙ ጊዜ በጥቂት መስመር ያልቃል። ከአድዋ በፊት ባለው ምዕራፍ፣ በዘመቻዎች ዝርዝር ውስጥ፣ ከሌሎች የቦታ ስሞች ጋር ተሰልፎ ይታለፋል። አንባቢውም ገጹን ይገልጣል። በጊድር ጋር ግን የሚገለጥ ገጽ የለም። ቡና የሚጠጣው፣ ሙሽራ የሚቀመጠው፣ ለቀስተኛ የሚያርፈው እዚያው ቀዩ ላይ ነው።

እርግጥ ቀይ አፈር ቤት መለቅለቅ ከጦርነት በፊትም የሚቻል ነገር ነው፤ አፈሩ ቅርብ ነው፣ ወለል ያጠነክራል፣ ለዓይንም ደስ ይላል። ቀለሙ ከጨለንቆ ይቀድም ይሆናል። እንዲህም ቢሆን ታሪኩ አይፈርስም። ሐውልት ማቆም የማይችል የተሸነፈ ከተማ፣ ማንም በማያፈርሰው ቦታ፣ በገዛ መቀመጫው ላይ መታሰቢያ አኖረ። አዲሱ ሹም ቤቱ ድረስ በእንግድነት ቢመጣ እንኳ የሚያየው ንጹሕ፣ በወጉ የተለቀለቀ መደብ ነው።

ከዚያ በኋላ የከተማዋ ቤት መልኩን አበዛ። የሕንድ ነጋዴዎች የእንጨት ሰገነት ያለው ባለፎቅ ቤት ይዘው መጡ። ዛሬ የራምቦ ቤት እየተባለ የሚጎበኘው፣ ባለቀለም መስታወቶቹና የተሣለ ጣሪያው የሚደነቅለት ቤት፣ የሕንድ ነጋዴ ሥራ ነው፤ ባለቅኔው እዚያ አልኖረበትም፣ ስሙ ግን ቱሪስት ይጠራል። ኖራውም ለሰማያዊ፣ ለአረንጓዴ፣ ለሐምራዊ ቦታ ለቀቀ፤ አሁን የጀጎል መተላለፊያዎች በፎቶግራፍ የሚታወቁት በዚህ ኅብረ ቀለም ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከጠቀሳቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የቤቱ የውስጥ አሠራር ነበር። ጎብኚው ከውጭ የሚያነሣው ፎቶ ግን ሐምራዊው ግድግዳ ነው።

ሰዎቹ ከቤቶቹ የተለዩበት ታሪክም አለ። ከ1940 ዓ.ም. የፖለቲካ እስራትና ውርስ በኋላ ብዙ ሐረሪ ወደ አዲስ አበባ ተሰደደ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ከአብዮቱም ጋር፣ ስደቱ ባሕር ተሻገረ፤ ዛሬ በቶሮንቶና በሌሎች የሰሜን አሜሪካ ከተሞች የሐረሪ ማኅበረሰብ አለ።

በእነዚያ ከተሞች አፓርታማ ሳሎኑ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው የአከራዩ ነጭ ነው። ነጭ መሆኑ እንኳ ይመቻል፤ ስፌቱ ከሻንጣ ወጥቶ እንደ ድሮው በመጠንና በጥንድ ይሰቀላል። ሙዳይ ቀላል ነው፣ አውሮፕላን ይሳፈራል። መደቡ ግን የወለሉ አካል ነው። ሶፋው በቦታው ይገባል፣ እንግዳው በፈለገበት ይቀመጣል፤ እዚያ የተወለደ ልጅም ስለ ስፌቱ ይጠይቃል እንጂ፣ ስለ ቀዩ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም።