ለአጭር ጊዜ ጉብኝት ወደ ሸንገን አገሮች ለሚጓዙ ኢትዮጵያውያን የቪዛና የመግቢያ ቅድመ ሁኔታዎች

የሸንገን ቀጠና 29 የአውሮፓ አገሮችን ያቀፈ ነው። አንደኛው አባል አገር የሚሰጠው የአጭር ጊዜ ቪዛ በመደበኛነት በሁሉም ለመዘዋወር ያስችላል። በቀጠናው የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው የኢትዮጵያ መደበኛ ፓስፖርት ባለቤት ከጉዞው በፊት ቪዛ ማግኘት ይኖርበታል።

የቆይታ ጊዜ

ቆይታው በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀናት ሊበልጥ አይችልም። የተገባበትም ሆነ የተወጣበት ቀን ይቆጠራል። ቪዛው የሚጸናበት ጊዜና የተፈቀደው የቆይታ ቀን ብዛት የተለያዩ በመሆናቸው፣ ተጓዡ ሁለቱንም ማክበር ይገባዋል።

የማመልከቻ ቦታና ጊዜ

ማመልከቻ የሚቀርበው ረዘም ያለ ቆይታ ለሚደረግበት አገር ሲሆን፣ ቆይታው እኩል ከሆነ በመጀመሪያ ለሚገባበት አገር ነው። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ቀን 6 ወራት አስቀድሞ ጀምሮ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ምላሽ መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀናት ተራዝሟል። በመሆኑም የቀጠሮ መጠበቂያውን ጨምሮ በቂ ጊዜ መያዝ ያስፈልጋል።

የሚያስፈልጉ ሰነዶች

• ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠ፣ ከቀጠናው ከሚወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወራት የሚያገለግልና 2 ባዶ ገጾች ያሉት ፓስፖርት፤
• በቀጠናው ሁሉ የሚሠራ፣ ሽፋኑ ከ30,000 ዩሮ የማያንስ የጉዞ የጤና መድን፤
• የማረፊያ ቦታና የጉዞ መርሐ ግብር ማስረጃ፤
• የገንዘብ አቅምን የሚያሳይ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፤
• ወደ አገር ለመመለስ ምክንያት መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ለምሳሌ የሥራ ደብዳቤ ወይም የንግድ ፈቃድ።

ዕድሜው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ አመልካች የጣት አሻራ ይሰጣል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች 45 ዩሮ ነው። ማመልከቻው ውድቅ ቢደረግም ክፍያው አይመለስም።

ልዩ ትኩረት የሚሹ ጉዳዮች

በተጠቀሰው ውሳኔ መሠረት የሚሰጠው ቪዛ በመርህ ደረጃ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ያገለግላል። ስለዚህ ከፓሪስ ተነሥቶ ለንደንን ጎብኝቶ ወደ ፓሪስ መመለስ ያሰበ ተጓዥ፣ የእንግሊዝ ቪዛ ቢኖረውም እንኳ፣ በያዘው የሸንገን ቪዛ ዳግመኛ መግባት አይችልም።

በሸንገን አውሮፕላን ማረፊያ አቋርጦ ወደ ሌላ አገር የሚያልፍ ኢትዮጵያዊም፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ባይወጣም፣ የመሸጋገሪያ ቪዛ ያስፈልገዋል። ከዚህ ነፃ የሚሆኑት እንደ አሜሪካና ካናዳ ያሉ አገሮች የጸና ቪዛ የያዙ ተጓዦች ናቸው።

ቪዛ መያዝ ብቻውን የመግባት መብት አያረጋግጥም። የድንበር ሹም የመመለሻ ቲኬት፣ የማረፊያ ማስረጃና ገንዘብ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ሰነዶቹን በእጅ ሻንጣ መያዝ ይመከራል።

ቪዛ በእርግጠኝነት እንደሚያስገኝ ቃል የሚገባ ደላላ ሊታመን አይገባም። ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ማመልከቻውን ውድቅ ያስደርጋል፤ በወንጀልም ሊያስጠይቅ ይችላል። ማመልከቻው ያልተቀበለው ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ የሚገለጽለት ሲሆን፣ ውሳኔውን በሰጠው አገር ሕግ መሠረት ይግባኝ የመጠየቅ መብት አለው።