ከግድግዳው ማዶ የተሰማ ዛር

ባደግሁበት ሰፈር ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተደጋገፉ ነበሩ። በአንዱ ቤት ሽንኩርት ሲቁላላ የሌላው ቤት ልጅ ምራቁን ይውጣል፤ የአንዱ ቤት ጠብ ለሌላው የማታ ወሬ ነው። ከእኛ ቀጥሎ የሚኖሩት እናት ባለ ዛር ነበሩ። በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ ቀኑ ሲደርስ፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ጨለማው ጠንከር ሲል አታሞው ይጀምራል። እናቴ ያን ጊዜ መስኮቱን ትዘጋና "ጆሮህን ይዘህ ተኛ!" ትለኛለች። እኔ ግን ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አመሻለሁ።

በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ሁሉም ድምፅ አያልፍም። ቃሉ እዚያው ይቀራል። ጭብጨባው ይደበዝዛል። ወደ እኛ የሚሻገረው የአታሞው ጉምጉምታና እርስ በርሱ የተዋሐደ የሴቶች እንጉርጉሮ ብቻ ነው። ማን እንደሚዘፍን፣ ምን እንደሚል አይለይም። በቀን የማውቃቸው የሰፈር ሴቶች መሆናቸው ይጠፋኝና፣ ቤቱ ራሱ የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር።

ጎረምሳ ስሆን አንድ የካሴት መቅረጫ እጄ ገባ። አንድ ሌሊት ግድግዳው ሥር አስቀምጬ የዛሩን ድምፅ ቀረጽሁት። ጠዋት ስሰማው ያ ድፍን ጉምጉምታ ነው። "አልጠራም፣ ረብ የለውም" አልሁና በላዩ ላይ ከሬዲዮ ዘፈን ቀዳሁበት። የትኛው ዘፈን እንደ ነበረ እንኳ ዛሬ አላስታውስም። እኚያ እናት ካረፉ ቆይተዋል፤ ሰፈሩም ፈርሷል።

ይህን የልጅነት ታሪክ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ ወዳጄ ቤት ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ የሚረዝም አንድ አሮጌ ቅጂ ሰማሁ። ቃል የለውም። ከሩቅ የሚመጣ፣ የሚያስተጋባ፣ የሴቶች ድምፅ መሆኑ በግምት የሚታወቅ ነገር ነው። ክው ብዬ ቀረሁ። ያ የግድግዳችን ድምፅ ነው! ወዳጄ ሥራው የአንድ ግብጻዊ እንደሆነ፣ የተቀረጸውም በካይሮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1944 መሆኑን ሲነግረኝ፣ ሰውየው ማን እንደ ነበረ ማጣራት ጀመርሁ። ፍለጋው ከካይሮ ወደ ኒውዮርክ፣ ከኒውዮርክ ደግሞ ተመልሶ ወደ ስድስት ኪሎ ወሰደኝ።

ሐሊም ኤልዳብ እ.ኤ.አ. በ1921 ካይሮ ውስጥ ከኮፕት ቤተሰብ ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሙዚቃ ሳይሆን የእርሻ ምህንድስና ነበር። ፒያኖ ይጫወታል፤ ለድምፅ ልዩ ፍቅር አለው። በ1944 ከአንድ የካይሮ ሬዲዮ ጣቢያ በሽቦ የሚሠራ የድምፅ መቅረጫ ተዋሰ። የዛሬ ወጣት ይህን መሣሪያ አያውቀውም። ቴፕ ገና ባልተስፋፋበት ዘመን ድምፅ ይቀረጽ የነበረው ፀጉር በሚያህል ቀጭን የብረት ሽቦ ላይ ነው። ሽቦው ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው ሲጠመጠም መግነጢስ ድምፁን ያትምበታል። ሲበጠስ እንደ ክር ይቋጠራል።

ሐሊም ይህን ከባድ ዕቃ ይዞ የሄደው ሴቶች ወደሚያስተናግዱትና ለወንድ ወደማይፈቀደው የዛር ሥርዓት ነው። ቀርጾ ሲመለስም ቅጂውን እንዳለ አላስቀመጠውም። በሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ግድግዳቸው የሚንቀሳቀስ ክፍሎች ነበሩና፣ ድምፁን በዚያ እያስተጋባ ደግሞ ደጋግሞ ቀረጸው። ጉልህ የሆነውን የድምፅ ክፍል አወጣና ከሥሩ ተደብቆ የሚኖረውን ረቂቁን ክፍል ብቻ አስቀረ። ከድምፁ በስተ ውስጥ ያለውን ድምፅ ነበር የሚፈልገው። "የዛር መግለጫ" ያለውን ይህን ሥራ በዚያው ዓመት በካይሮ ለተመልካች አሰማ። እኔ የሰማሁት ሁለት ደቂቃ ከዚያ ረዘም ካለው ሥራ የተረፈው ቁራጭ ነው። አንባቢ ልብ ይበልልኝ! እኔ አልጠራም ብዬ ያጠፋሁትን ዓይነት ድምፅ እሱ ሆን ብሎ ለፍቶ ነው ያገኘው።

በማይክሮፎን የተያዘ ወይም በመሣሪያ የተፈጠረ ድምፅ ተለውጦ፣ ተቀናብሮ በድምፅ ማጉያ የሚቀርብበት ይህ የሙዚቃ ዓይነት ኤሌክትሮ-አኩስቲክ ይባላል። የታሪክ መጻሕፍት ትረካውን ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከፓሪስ ነው። የፈረንሳይ ሬዲዮ ባልደረባ የነበረው ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፆችን ቀርጾና ቀነባብሮ በሬዲዮ ያሰማው እ.ኤ.አ. በ1948 ነበር። የካይሮው ሥራ አራት ዓመት ይቀድማል። ግን እዚህ ላይ "እኛ ቀደምን" ብሎ ደረት መንፋት አይገባም። ሼፈር የካይሮውን ሥራ ሰምቶ አልኮረጀም፤ በራሱ መንገድ ነው የደረሰበት። ሼፈር በስተጀርባው የሬዲዮ ተቋም፣ ባልደረቦችና ተከታዮች ነበሩት። ሐሊም የነበረው የውሰት ዕቃ ነው። ዕቃው ለባለቤቱ ሲመለስ ሥራውም አብሮ ቆመ። ልዩነቱ የቀደመና የዘገየ ሳይሆን፣ ቤት ያለውና ቤት የሌለው ነው።

ዛሩንስ ካነሣን አይቀር፣ እሱም ከእኛ ቤት የራቀ አይደለም። ብዙ ተመራማሪዎች የዛር ሥርዓት ወደ ሱዳንና ወደ ግብጽ የተዛመተው በ19ኛው መቶ ዘመን እንደሆነና፣ በባርነት የተወሰዱ ኢትዮጵያውያት ሴቶች ይዘውት እንደ ሄዱ ይገምታሉ። ጣሊያናዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ ቃሉን ከአገው የሰማይ አምላክ ስም ጋር አያይዞታል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስም እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የባለ ዛሮቹን ሥርዓት በየቀኑ ይመዘግብ ነበር። ግምቱ ትክክል ከሆነ፣ በካይሮ ሽቦ ላይ የታተመው ድምፅ ሩቅ የእኛ ዘመድ ነው ማለት ነው።

ሐሊም በ1950 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ታዋቂዋ የዳንስ ሰው ማርታ ግራም በ1958 ለመድረክ ላበቃችው "ክላይተምነስትራ" ሙዚቃውን የደረሰው እሱ ነው። በዚያው ሰሞን የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች ኒውዮርክ ውስጥ በጋራ አንድ የምርምር ቤት ሊከፍቱ ይሰናዱ ነበር። የኮሎምቢያ-ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል የሚባለው ይህ ቤት በ1959 ከሮክፌለር ፋውንዴሽን በተገኘ 175,000 ዶላር ሥራ ጀመረ። ሐሊምን የጋበዙት ከመሥራቾቹ መካከል የነበሩት ኦቶ ሉኒንግና ቭላዲሚር ኡሳቼቭስኪ ናቸው።

ማዕከሉ በ125ኛው ጎዳና፣ ቀድሞ የወተት ፋብሪካ በነበረ ሕንፃ ውስጥ የአንድን ክፍል ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን "አር ሲ ኤ ማርክ 2" የተባለ መሣሪያ ነበረው። መሣሪያው ሰው ሳይነካው ሙዚቃ ይጫወታል። የሙዚቃው ደራሲ የእያንዳንዱን ድምፅ ከፍታ፣ ርዝመት፣ ጉልበትና ቃና በወረቀት ጥቅል ላይ በቀዳዳ ይጽፍለታል፤ መሣሪያው ቀዳዳዎቹን እያነበበ ድምፁን ያወጣል። አንዳንዶቹ፣ በተለይም ሚልተን ባቢት፣ ለዚህ መሣሪያ ራሳቸውን ሰጡ። ሌሎቹ ደግሞ ምላጭና ቴፕ ይዘው ተቀመጡ። ቴፑን ይቆርጣሉ፣ ይቀጥላሉ፣ ወደ ኋላ ያስኬዱታል፣ ያዘገዩታል። የሁለት ደቂቃ ሙዚቃ ሳምንታት ይፈጃል።

እዚያ ቤት የተሰበሰቡትን ሰዎች ማየት ራሱ ያስገርማል። ኡሳቼቭስኪ ማንቹሪያ የተወለደ ሩስያዊ ነው። ቡለንት አረል ከቱርክ፣ ማሪዮ ዳቪዶቭስኪ ከአርጀንቲና የመጡ ናቸው። ሐሊም ደግሞ ከግብጽ። በ1959 የሠራው "ለይላና ባለቅኔው" የሚል ስም አለው። በፍቅር ያበደውን ባለቅኔ፣ የመጅኑንን ጥንታዊ ታሪክ ይዞ፣ የሰውን ድምፅ፣ ዋሽንትንና ከበሮን በቴፕ ላይ አዋሕዶታል። ግንቦት 1961 ማዕከሉ ሥራዎቹን ለሕዝብ ሲያቀርብ ይህም አብሮ ተሰማ፤ በ1964ም ከማዕከሉ ሌሎች ሥራዎች ጋር በሸክላ ታተመ። ሌሎቹ ከመሣሪያ ያልተሰማ አዲስ ድምፅ ለማውጣት ሲደክሙ፣ እሱ ካይሮ ውስጥ የጀመረውን ቀጠለ፤ ከሰው ድምፅ ውስጥ ያልተሰማውን መፈለግ።

እነሆ፣ እኔን እጅግ ያስደነቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በዓለም ላይ ከታወቁት የድምፅ ቤተ ሙከራዎች በአንዱ ይሠራ የነበረው ይህ ሰው በ1962፣ በእኛ አቆጣጠር በ1954 እና በ1955 ዓ.ም. መካከል፣ አዲስ አበባ መጣ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆኖ እስከ 1964 ቆየ። ኒውዮርክ ትቶት የመጣውን ዓይነት መሣሪያ እዚህ አላገኘም። ያገኘው ሰዎችን ነው። በአገሪቱ እየተዘዋወረ ሙዚቃችንን ሰማ፣ ቀረጸ። በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ።

ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮ አንድ መድረክ ላይ አብረው ተቀመጡ። ዛሬ ይህን ስንሰማ አዲስ ነገር አይመስለንም፤ የባህል ቡድን ሁሉ እንዲህ ነውና። በዚያን ጊዜ ግን ቀላል አልነበረም። ማሲንቆ የአዝማሪው ነው፤ ከአንድ ድምፃዊ ጋር ይሄዳል። በገና የጾምና የጸሎት ነው፤ ለብቻ ይደረደራል። እምቢልታ ሌላ ወግ አለው። ቅኝታቸውም አንድ አይደለም። ከልዩ ልዩ ብሔረሰብ የመጡ ባለሙያዎች አንዱ የሌላውን ሰምቶ እንዲመልስ ማድረግ ራሱን የቻለ ምርምር ነበር።

በገናን ብቻ እንውሰድ። በየአውታሩ ሥር የምትገባ ቁራጭ ቆዳ አለች። አውታሩ ሲመታ ቆዳዋን እየነካካ ይነዝራል፤ ያ የምናውቀው የበገና ግርማ የሚመጣው ከዚህች ቁራጭ ነው። ቆዳዋን ያውጧት፣ ድምፁ ይጠራል፤ በገናነቱ ግን ይጠፋል። አባቶቻችን የጠራውን ድምፅ ሆን ብለው አደፍርሰው በውስጡ ሌላ ድምፅ አገኙ። ይህ ሐሊም በካይሮ ከሠራው በምን ይለያል? ምናልባትም ከኒውዮርክ ወደ ስድስት ኪሎ መምጣቱን እንደ መውረድ ያልቆጠረው ለዚህ ይሆናል። ይህ የእኔ ግምት ነው።

ከእሱ በኋላ ኦርኬስትራውን ከመሩት መካከል የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ የነበረው ቻርልስ ሳተንና የዜማ ደራሲው ተስፋዬ ለማ ይገኙበታል። በ1969 "ብሉ ናይል ግሩፕ" በሚል ስም አሜሪካን ዞሮ አሳየ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግን ብዙም አልዘለቀም። በ2007 በፈረንሳይ በሚታተመው "ኢትዮፒክስ" ተከታታይ ቅጂዎቹ ዳግም ባይወጡ ኖሮ፣ ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ ባልሰማን ነበር። ግዙፉ ማርክ 2ም ዕድሜው አጭር ነው፤ በ1970ዎቹ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ሐሊም ግን ኦሃዮ ውስጥ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን አስተምሮ በ2017 በ96 ዓመቱ አረፈ።

እንግዲህ ሦስቱን ከተሞች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የሚታየኝ ይህ ነው። ካይሮ ጆሮው ነበር፣ ቤት አልነበረም። ኒውዮርክ ቤቱም ገንዘቡም ነበር፤ መሣሪያው ቢያረጅ እንኳ ሥራው ተጽፎ፣ በሸክላ ታትሞ፣ ተማሪ አፍርቶ ቀጠለ። አዲስ አበባ ጆሮውም ባለሙያውም ነበሩ፤ የዩኒቨርሲቲ ጣሪያም ነበረ። የጎደለው ተራ ነገር ነው፤ የተቀረጸውን ማስቀመጥ፣ ያስቀመጡትን ደግሞ መስማት፣ የሰሙትን ለሚመጣው ማስረከብ። ለዚህ 175,000 ዶላር አያስፈልግም ነበር።

ይህን ስል ጣቴን በሌላ ሰው ላይ ለመቀሰር አይደለም። እኔ ራሴ በእጄ የነበረውን በላዩ ዘፈን ቀድቼ ያጠፋሁ ሰው ነኝ። እናቴም ጆሮህን ያዝ ያለችኝ በክፋት አልነበረም፤ ዛር የሚያሳፍር ነገር ነውና። እምነትን ለየባለቤቱ እንተወው። ድምፁን ግን መስማት ኃጢአት አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፣ ቁም ሣጥንዎ ሥር፣ በአሮጌ ሣጥን ውስጥ፣ የተረሱ ካሴቶች ይኖሩ ይሆናል። የአያት ሠርግ፣ የሙሾ አውራጅ፣ የማያውቁት ሰው በገና፣ ምናልባትም ከግድግዳ ማዶ የተሰማ ነገር። ሺ… የሚል ድምፅ ቢበዛበት፣ ቢደበዝዝም፣ አልጠራም ብለው አይጣሉት። አንድ ጊዜ ተቀምጠው ይስሙት። ከዚያ በኋላ የሚቻልዎ ከሆነ የማንና የት እንደሆነ በእርሳስ ጽፈውበት ያስቀምጡት።