«ጦቢያ»፦ በአንድ መጽሐፍ ብዙ ዓይነት ታሪክ

በ1900 ዓ.ም. ሮም ከተማ ውስጥ አንዲት አነስተኛ የአማርኛ መጽሐፍ ታተመች። ደራሲዋ የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነበሩ። ርእሷ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይላል፤ ዛሬ ግን በባለ ታሪኳ ስም «ጦቢያ» እንላታለን። በአማርኛ የመጀመሪያዋ ልብ ወለድ እንደሆነች ይነገርላታል።

አፈወርቅ በአማርኛ የተጻፈ የሚከተሉት ልብ ወለድ አልነበራቸውም። የአገራቸው አንባቢ የሚያውቀው ስለ ዘመቻ የሚተርከውን ዜና መዋዕል፣ የቅዱሳንን ገድልና በምድጃ ዙሪያ የሚነገረውን ተረት ነበር። እርሳቸውም እነዚህን ከፍቅር ታሪክ ጋር አንድ ላይ አመጧቸው።

መጽሐፉ እንደ ዜና መዋዕል በጦርነት ይጀምራል፤ አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ ይማረካል። ቀጥሎ እንደ ተረት አንድ ቸር ነጋዴ ብቅ ይላል፤ በእርሱም ደግነት አባት ነጻ ይወጣል። ልጁ ዋሕድ ያንን ባለ ውለታ ፍለጋ ሲወጣ በባርነት እጅ ይወድቃል። መንትያ እኅቱ ጦቢያም እንደ ወንድ ለብሳ ከአባቷ ጋር ትከተለዋለች። ወንድ መስላ የኖረች ሴት ታሪክ በስንክሳርም ስላለ ለአንባቢው እንግዳ አልነበረም። አዲሱ ነገር በዚሁ ልብስ ምክንያት የፍቅር ታሪክ መወለዱ ነው፤ አንዲት ልዕልት ጦቢያን ወንድ መስላት ትወዳታለች።

ይህ ሁሉ ለምን አልተበታተነም? ውለታ ስላሰረው ነው። ነጋዴው ባይራራ ዋሕድ አይወጣም፤ ዋሕድ ባይጠፋ ጦቢያ ልብስ አትቀይርም። እያንዳንዱ ክፍል የቀጣዩ ምክንያት ነው።

መጨረሻው ላይ ግን ስፌቱ ይታያል። አረማዊው ንጉሥ ጦቢያን ለማግባት ሲል ክርስቲያን ይሆናል፤ ሕዝቡም ይከተለዋል። ሠርጉና ጥምቀቱ በአንድ ጊዜ ችግሩን ሁሉ ይፈቱታል። እምነት የእያንዳንዱ ሰው የልብ ውሳኔ ነው ብለን ለምናስተምር ለእኛ ይህ ጥያቄ ያስነሣል፤ ያ ሕዝብ በልቡ ምን አመነ? ደራሲው ወደዚያ ልብ አልገቡም።

በየወጣት ኅብረታችሁ ታሪክ የምትጽፉ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ምስክርነትን ከወንጀል ምርመራ፣ ተረትን ከስደት ታሪክ ጋር ለማዋሐድ አትፍሩ። የዮሴፍ ታሪክም ሕልምን፣ የወንድማማች ቅናትን፣ እስር ቤትንና ቤተ መንግሥትን በአንድነት ይዟል። ነገር ግን ዮሴፍ ወንድሞቹን ወዲያው አላቀፈም፤ ፈተናቸው፣ ብቻውንም አለቀሰ። ባለ ታሪካችሁ በመጨረሻው ገጽ ላይ ንስሐ የሚገባ ከሆነ፣ ወደዚያ ያደረሰውን መንገድ አንባቢው አብሮት ይሂድበት።