ጅቡቲ ከተማ፦ ለየሥራው አንድ ቋንቋ

ጅቡቲ ከተማ የተቆረቆረችው በ1888 ገደማ ነው (ዓመታቱም ቀናቱም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ቦታው የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮች እየመጡ የሚያልፉበት የባሕር ዳርቻና የኮራል ድንጋይ ጉብታ እንጂ ከተማ አልነበረም። ፈረንሳዮች በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ የሚገኘውን ኦቦክን በ1862 ከአፋር ሹማምንት ገዝተው ነበር። ለመርከብ የሚመች፣ ወደ ኢትዮጵያም የሚያወጣ የተሻለ ወደብ ሲፈልጉ ግን አገረ ገዢው ሌዎንስ ላጋርድ በ1890ዎቹ መቀመጫውን ከኦቦክ ወደ ጅቡቲ አዞረ። ስለዚህ ከተማዋ ከውልደቷ ጀምሮ የመጤዎች ከተማ ናት። ሁሉም የየራሱን ልሳን ይዞ ገባ፤ የማንም ልሳን ግን ብቻውን ለሁሉም ሥራ አልበቃም።

ሶማልኛ የብዙኃኑ ነዋሪ ቋንቋ ሆነ። አፋርኛ ከታጁራና ከኦቦክ ተሻግሮ መጣ፤ በኋላም አርሂባን በመሳሰሉ የወደብ ሠራተኞች ሰፈሮች ሥር ሰደደ። ሁለቱም የኩሽ ቋንቋዎች ቢሆኑም ዝምድናው ተናጋሪዎቻቸውን ለማግባባት አይበቃም፤ አንዱ የሌላውን ካልተማረ አይሰማውም። ከባሕሩ ማዶ የመጡት የመኖች ነጋዴዎች፣ ግንበኞች፣ ዓሣ አጥማጆችና የአምቡሊ አትክልተኞች ነበሩ። የከተማዋን ታዋቂ መስጊድ በ1906 ያሠራው ሐሙዲ የተባለው ነጋዴም ከእነርሱ ወገን ነው። በእነዚህ ሰዎች ምክንያት በጅቡቲ አረብኛ ሁለት መልክ ያዘ፦ አንዱ የቁርኣንና የመድረሳ፣ ሌላው የኤደንና የታእዝ ለዛ ያለው የገበያ አረብኛ። በዚህ ላይ ግሪኮች፣ አርመኖችና ሕንዳውያን ነጋዴዎች ተጨመሩ። የቢሮው፣ የፍርድ ቤቱና የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ግን ፈረንሳይኛ ነበር።

አማርኛን ወደ ወደቡ ያቀረበው ከሁሉ በላይ ባቡሩ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ በ1897 ወደ ሥራ ተለወጠ። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። አስተዳደሩ በፈረንሳይኛ የሚሠራ ስለነበር በመስመሩ ላይ የሚቀጠር ሰው፣ ሶማሌም ይሁን አማራ፣ ኦሮሞም ይሁን አርመን፣ የሥራውን ፈረንሳይኛ መልመድ ነበረበት። በአዲስ አበባ የለገሀር ስምም ከዚሁ የባቡር ፈረንሳይኛ የተረፈ ነው። አማርኛና ኦሮምኛ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከደጋው ወደ ቆላው፣ ከሠራተኛውና ከነጋዴው ጋር ወረዱ። ድሬዳዋና ጅቡቲ በአንድ ሐዲድ የታሰሩ መንትያ ከተሞች ሆኑ፤ አንዱ ዘመድ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው የሚኖርበት ቤተሰብ በረከተ። የጅቡቲው ፕሬዚዳንት ኢስማኤል ዑመር ጌሌ በ1947 ድሬዳዋ ተወልደው አማርኛ አጥርተው መናገራቸው እንደ ልዩ ነገር ይወራል፤ የባቡሩን ታሪክ ለሚያውቅ ግን የሚያስገርም አይደለም።

ወደቡ የሸቀጥ በር ብቻ አልነበረም። በግንቦት 1936 ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከጣልያን ጦር ፊት ለቀው በእንግሊዝ መርከብ ወደ ስደት የወጡት ከዚህች ከተማ ነው። ከ1977ቱ የኦጋዴን ጦርነት በኋላና በደርግ ዘመንም ብዙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ገብተውባታል። እያንዳንዱ ማዕበል አማርኛውን፣ ኦሮምኛውንና ሶማልኛውን አደሰው።

የቅኝ አገዛዙ ዘመን ቋንቋን በሰፈርም ከፋፍሏል። ፈረንሳዮች፣ ግሪኮችና አርመኖች በምኒልክ አደባባይ ዙሪያ ሲኖሩ የአገሬው ሰው ቁጥር በተሰጣቸው «ካርቲዬዎች» (ሰፈሮች) ሰፍሮ ነበር። በነሐሴ 1966 የፕሬዚዳንት ደ ጎል ጉብኝት ተቃውሞ ከገጠመው በኋላ አስተዳደሩ ወደ ከተማዋ የሚገባውን ሰው ለማገድ ዙሪያዋን በሽቦ አጠረ። ከአጥሩ ውጭ የቀሩት የሰፈሩበት ባልባላ ውሎ አድሮ ራሱን የቻለ ሰፊ የከተማ ክፍል ሆነ። የዚያ ሰፈር ሕፃን ሶማልኛውን ወይም አፋርኛውን ከእናቱ፣ የጎረቤቱን ቋንቋ ከሜዳ ጨዋታ ያገኝ ነበር፤ ፈረንሳይኛን ግን ትምህርት ቤት ደጅ ካልደረሰ አያገኘውም። አንድ ሰው አራት ቋንቋ እየተናገረ በመንግሥት መሥሪያ ቤት «መሃይም» የሚባልበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው።

ነጻነት ሰኔ 27 ቀን 1977 ሲመጣ አገሪቱ የአረብ ሊግ አባል ሆነች፤ በመስከረም 1992 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥትም አረብኛንና ፈረንሳይኛን ይፋዊ ቋንቋዎች አደረገ። ምርጫው ከፖለቲካ አንጻር ብልህነት ነበረው፤ ሶማሌውንም አፋሩንም ከማበላለጥ አዳነ። ክፍያው ግን ከባድ ነው፤ ልጁ ማንበብ የሚጀምረው በቤቱ በማይነገር ቋንቋ ነው። ብሔራዊው ሬዲዮ ክፍተቱን በከፊል ሞልቶታል፤ ዜናውን በፈረንሳይኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛና በአረብኛ ያሰማል። ጋዜጣ ላይ ሲደረስ ግን «ላ ናሲዮን» በፈረንሳይኛ፣ «አል ቀርን» በአረብኛ ይታተማሉ። የከተማዋ ስመ ጥር ደራሲዎችም እንደ ገጣሚው ዊሊያም ሳያድና እንደ ዐብዱራህማን ዋበሪ ያሉት የሶማሌውን ዓለም በዋናነት በፈረንሳይኛ ጻፉት።

ይህ ክፍፍል አእምሮን እንዴት ያሠራል? የሥነ ልሳን ሊቁ ፍራንሷ ግሮዣን እንደሚለው ባለብዙ ቋንቋ ሰው በአንድ ጭንቅላት የተቀመጡ ሁለት ወይም ሦስት ሙሉ ተናጋሪዎች ማለት አይደለም። እያንዳንዱን ቋንቋ ለተለየ ጉዳይና ለተለየ ሰው ይጠቀምበታል፤ ሒሳቡን በተማረበት ልሳን ያሰላል፣ ጸሎቱን በለመደበት ያደርሳል። ለዚህ አባባል ከጅቡቲ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የወደብ ጸሐፊው የጭነት ሰነዱን በፈረንሳይኛ ይሞላል፣ ከተሸካሚው ጋር በአፋርኛ ይነጋገራል፣ በአረብኛ ይሰግዳል፣ ቤቱ ገብቶ በሶማልኛ ያወጋል። ሰነዱን በሶማልኛ ሙላ ቢሉት ይደናቀፋል፤ ቋንቋውን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፣ ያንን ሥራ በዚያ ቋንቋ ሠርቶት ስለማያውቅ ነው።

ብዙ ቋንቋ የልጅን አእምሮ ያደናግራል የሚለው የቀድሞ እምነት በ1962 ኤልዛቤት ፒልና ዋላስ ላምበርት በሞንትሪያል ባደረጉት ጥናት ተናጋ። በሕንድ ሃይደራባድ በ648 የመርሳት ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ በ2013 የወጣው ጥናት ደግሞ ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚናገሩት ላይ ሕመሙ በአራት ዓመት ተኩል ያህል ዘግይቶ መታየቱን፣ ይህም ፊደል ያልቆጠሩትን እንደሚጨምር ዘግቧል። ጥቅሙ ምን ያህል እንደሆነ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ሃይደራባድ ከሞንትሪያል ይልቅ ለጅቡቲ ትቀርባለች፤ በዚያም ልሳን የሚለመደው በገበያና በሰፈር ነው።

ከ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የኢትዮጵያ ወጪና ገቢ ንግድ ከሞላ ጎደል ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ አማርኛም ከባቡር ወርዶ መኪና ላይ ወጣ። የከባድ መኪና ሾፌሮች በሚያርፉበት በፒኬ 12 አካባቢ እንጀራ የሚሸጥባቸው ምግብ ቤቶች አሉ፤ በዚያ አማርኛ ሳይሰሙ ማለፍ አይቻልም። የየቀኑ ጫትም የራሱ የቋንቋ ጉዞ አለው፦ የሐረርጌው ገበሬ በኦሮምኛ ይሸጠዋል፣ የኢትዮጵያ ፌዴራል ሠራተኛ በአማርኛ ይቆጣጠረዋል፣ ከቀትር በኋላ በጅቡቲ ጎዳና ሴቶቹ በሶማልኛ ይቸረችሩታል። የአሜሪካው የጦር ሰፈር እንግሊዝኛን የቅጥር ቋንቋ አድርጎታል፤ በጥር 2017 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ቻይንኛን አምጥቷል።

ሶማልኛ በ1972 በሶማሊያ የላቲን ፊደል ተወሰነለት፤ አፋርኛም በዚያው ዘመን ዲሚስና ሬዶ የተባሉ ምሁራን ባዘጋጁት የላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። የኢትዮጵያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በየካቲት 2020 ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ሁለቱም ከአማርኛ ጋር በፌዴራል የሥራ ቋንቋነት እንዲያገለግሉ ተወስኗል። አብዛኛው ነዋሪ በእነዚሁ በሁለቱ ቋንቋዎች አፉን በፈታባት በጅቡቲ ግን ይፋዊዎቹ ቋንቋዎች ዛሬም አረብኛና ፈረንሳይኛ ብቻ ናቸው።