ማን ቀረ?

በ2013 ዓ.ም. ኅዳር እንደ ገባ የእኅቴን ልጅ እጇን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቷ ሸኘኋት። ስምንት ወር ያህል ቤት ውላለች። በሩ ላይ ዘበኛው የሙቀት መለኪያውን ግንባሯ ላይ ደቅኖ ቁጥሩን አየና «እለፊ» አላት። እጇን ታጠበች፤ መሬቱ ላይ በኖራ የተሠመረውን ምልክት እየረገጠች ገባች። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ስለ ነበር ግማሾቹ አንድ ቀን፣ ግማሾቹ በማግሥቱ ይመጣሉ።

ልመልሳት ስሄድ እንዴት እንደ ዋለች ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ የለችም» አለችኝ። በሌላው ፈረቃ ትሆናለች አልኋት። ሳምንት አለፈ፤ በሌላውም ፈረቃ አልነበረችም። መምህርቷን ጠየቅሁ። ትሑትና ለሥራዋ የምትጨነቅ ሴት ናት። መዝገብ ላይ ባለው ስልክ ብትደውል እንደማይሠራ፣ ቤታቸውንም እንደማታውቅ ነገረችኝ። «ከዚህ በላይ ምን ላድርግ ይላሉ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህ ጥያቄ ነው ወደ አሮጌ ታሪክ የመለሰኝ። ትምህርት ቤት በወረርሽኝ ዘመን ሲዘጋና ሲከፈት እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንምና፣ ከእኛ በፊት የነበሩት ያቺን ባዶ ቦታ ምን አደረጓት? ብዬ ፈለግሁ።

አስቀድሜ የራሳችንን ላስታውስ። በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ። በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ፤ ከ26 ሚሊዮን የሚበልጥ ተማሪ ቤቱ ገባ። ለመዝጋት አንድ መግለጫ በቃ። ለመክፈት ግን ወራት ተመከረበት። መክፈቻው በሦስት ዙር ተደለደለ፦ ጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. የገጠሮቹ፣ ጥቅምት 16 የመለስተኛ ከተሞቹ፣ ጥቅምት 30 አዲስ አበባና የክልል ዋና ከተሞች። በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ውኃና ሳሙና፣ ፈረቃ። ስልሳና ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ማየት ለለመደ ዐይን ይህ ትንሽ ሥራ አልነበረም፤ የደከሙበትን አላማም። ሆኖም እኔን ከመሰለ ተራ ዘመድ ጆሮ የደረሰው ሁሉ ስለሚመጣው ልጅ ነበር፤ እንዴት ይቀመጥ፣ በየት ይግባ፣ ምን ይልበስ።

አሁን መቶ ዓመት ወደ ኋላ፣ ወደ ኒው ዮርክ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1918 መጸው የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ ያችን ከተማ ሲመታ አብዛኞቹ የአሜሪካ ከተሞች ትምህርት ቤቶቻቸውን ዘጉ። ኒው ዮርክ፣ ቺካጎና ኒው ሄቨን ግን አልዘጉም። የኒው ዮርክ የጤና ኮሚሽነር ሮያል ኮፕላንድ ሹመቱን ከያዘ ገና ወራት የተቈጠሩለት ሰው ነበር። ከጎኑ ሆና የመከረችው የሕፃናት ጤና ቢሮው ኃላፊ ዶክተር ጆሴፊን ቤከር ናት። አንባቢ በሌላ ታሪክ ያውቃት ይሆናል፤ «ታይፎይድ ሜሪ» የተባለችውን ወጥ ቤት እ.ኤ.አ. በ1907 ከፖሊሶች ጋር አሳድዳ ያስያዘች እርሷ ነበረች።

የቤከር ክርክር ቀላል ነበር። በከተማይቱ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ተማሪ አለ፤ ከዚያ ውስጥ ሰባት መቶ ሃምሳ ሺህ የሚሆነው የሚኖረው በተጣበቡ የኪራይ ፎቆች፣ ብዙ ነፍስ በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቤት ነው። ትምህርት ቤት ብንዘጋ ልጁ ወዴት ይሄዳል? ወደዚያው ጠባብ ክፍል፣ ወይም ወደ መንገድ። ትምህርት ቤት ቢመጣ ግን አየር የሚገባበት ክፍል አለው፤ በየቀኑም የሚያየው ሰው አለ። ስለዚህ እንዲህ ተደነገገ፦ ልጆች በሩ ላይ ሳይሰበሰቡ በቀጥታ ወደ ክፍላቸው ይግቡ፤ አንዱ ክፍል ከሌላው አይቀላቀል፤ ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱ ልጅ ይመርመር፤ ያተኰሰው ወይም የሚያስለው ተለይቶ ወደ ቤቱ ይሸኝ፤ ቤቱም ለሕመምተኛ የማይመች ከሆነ ሆስፒታል ይግባ።

ትምህርት ቤት ለመክፈት ያሰበ ሁሉ በዘመናችን ይህን የመሰለ ወረቀት ጽፏል። እኔን ያስገረመኝ ወረቀቱ ሳይሆን የሚፈጽመው ሰው መገኘቱ ነው። ሚሊዮን ሕፃን በየጠዋቱ የሚመረምር፣ የታመመውን ተከትሎ ደረጃ የሚወጣ ሰው በአንድ ሳምንት አይፈጠርም። የተፈጠረው ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ነበር፤ የተፈጠረውም ስለ ኢንፍሉዌንዛ ተብሎ አይደለም።

በ1902 የኒው ዮርክ የትምህርት ቤት ሐኪሞች ሥራ ልጆችን ማባረር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትራኮማ ያለበትን፣ ቅማል የተገኘበትን፣ ጭርትና እከክ የያዘውን ለይተው ወደ ቤቱ ይሰዱታል። በሽታው ወደ ክፍል እንዳይገባ ይጠነቀቃሉ፤ ልጁ ተመልሶ መምጣቱን ግን የሚጠይቅ የለም። እናቱ የተሰጣትን ወረቀት ማንበብ አትችልም፤ ብታነብም መድኃኒቱን ከየት ታምጣ? በሄንሪ ጎዳና የድኾችን ሠፈር ታገለግል የነበረችው ነርስ ሊሊያን ዋልድ አንድ የ12 ዓመት ልጅ አገኘች፤ ፊደል አይለይም። ለምን ብላ ብትጠይቅ፣ ራሱ ላይ ባለው ቁስል ምክንያት በሄደ ቁጥር ከትምህርት ቤት እየመለሱት ነው። ቁስሉን አክማ አዳነችው፤ ልጁም ትምህርት ቤት ገባ።

ዋልድ ከዚህ ተነሥታ ከከተማው ጋር ተዋዋለች። ለአንድ ወር ሙከራ አንዲት ነርስ አዋሰች፤ ስሟ ሊና ሮጀርስ ነው። በጥቅምት 1902 አራት ትምህርት ቤቶች፣ 10,000 የሚሆኑ ልጆች ተሰጧት። ሮጀርስ ያደረገችው ተአምር አይደለም። ቀላሉን ሕመም እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ታክማለች፤ ልጁም ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ጠንከር ያለውን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ቤቱ ድረስ ትከተላለች፤ ለእናቲቱ ማጠቡንና መቀባቱን በእጇ ታሳያለች። ወሩ ሳያልቅ ሥራዋ ተወደደና ሌሎች ነርሶች ተጨመሩ። በመስከረም 1902 ከየክፍሉ የተባረሩት ልጆች ከ10,000 በላይ ነበሩ፤ በመስከረም 1903 ወደ 1,100 ወረዱ። ልጆቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ጤነኞች ሆነው አይደለም፤ የሚከተላቸው ሰው ስለ ተገኘ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1908 የቤከር ቢሮ ሲቋቋም ይህ ሥራ በእጁ ነበር። እንግዲህ በ1918 ቤከር «ልጆቹን ለእኔ ተዉልኝ» የማለት ድፍረት ያገኘችው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ፍርዴን ልግታ። የኒው ዮርክ ውሳኔ ትክክል ነበር ብዬ ለመማል አልችልም። በዘመኑም ተነቅፏል፤ ከኮፕላንድ በፊት በዚያው ወንበር የተቀመጠ ሐኪም ሳይቀር ተቃውሞታል። ከተማይቱ ከ20,000 በላይ ሰው ቀብራለች፤ እርግጥ ነው፣ ከነዋሪው ቁጥር አንጻር ቦስተንና ፊላዴልፊያ የባሰ ተጎድተዋል። በሌላ በኩል በ2007 የታተመ የ43 የአሜሪካ ከተሞች ጥናት፣ ትምህርት ቤት መዝጋትንና ስብሰባ መከልከልን ቀድመው የጀመሩና ያጸኑ ከተሞች ያነሰ ሰው እንደ ሞተባቸው ያሳያል። መዝጋቱም መክፈቱም ጠበቃ አለው። እኔ ከኒው ዮርክ የምወስደው ሌላ ነገር ነው፤ ቢከፍቱም ቢዘጉም ልጁ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነበራቸው።

ኒው ዮርክ ከበሽታው ጫፍ ስትወርድ አዲስ አበባ ገና መቅመሷ ነበር። «የኅዳር በሽታ» ያልነው ያው መቅሠፍት በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ከተማይቱን አራቈታት፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ለጥቂት ተረፉ። ከዚያ የወረስነው ጢስ ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻችንን ሰብስበን እናጥናለን። በ2013ም እንደ ልማዳችን አጠንን፤ የእኅቴ ልጅ መሸፈኛዋን አፍንጫዋ ላይ ከፍ አድርጋ «ለዚህም ይጠቅማል» ስትል አሳቀችኝ።

የዚያ ሰሞን ሳቅ ብዙ አልነበረም። አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶቿን ከመክፈቷ አምስት ቀን በፊት፣ ጥቅምት 25፣ በትግራይ ጦርነት ተጀምሮ ነበር። በመጋቢት 2012 በወረርሽኙ የተዘጋው የዚያ ምድር ትምህርት ቤት በአብዛኛው የተከፈተው በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ግድም ነው። አንደኛ ክፍል ሳለ «ለጥቂት ሳምንት» ተብሎ ቤቱ የገባ ልጅ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው ጥቁር ሰሌዳ ያየው። በሦስቱ ዙሮች ውስጥ ለእርሱ የሚሆን ዙር አልነበረም።

ወደዚያች ወንበር ልመለስ። ታኅሣሥ ውስጥ የእኅቴ ልጅ ከቦርሳዋ የሰው ደብተር ስታወጣ አየሁ። የጓደኛዋ ነው፤ መጋቢት ላይ ሊዘጋ ሲል ለመገልበጥ ተውሳው በእጇ ቀርቷል። «ቤታቸው ወስጄ ልስጣት?» አለችኝ።

«ቤታቸውን ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«አዎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው።»

መምህርቷም፣ እኔም፣ ዘበኛውም ይህን ልጅቷን አልጠየቅናትም ነበር። ከትምህርት ቤቱ በር በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። በወፍጮ ቤቱ ጎን አልፈን፣ በቆርቆሮ አጥር መካከል ባለች ቀጭን መንገድ ገብተን አንኳኳን። አንዲት አሮጊት ወጡ፤ የግቢው ባለቤት ናቸው። እናትየው ሰው ቤት እያጠበች ትኖር እንደ ነበር፣ በሽታው ሲመጣ አሠሪዎቿ አትምጪብን እንዳሏት፣ ግንቦት ላይ ኪራዩ ሲያቅታት ልጇን ይዛ ወደ አገሯ እንደ ገባች ነገሩን።

«ልጅቷ እዚያ ትማር ይሆን እማማ?» አልኋቸው።

«እንጃ ልጄ፤ ከሄዱ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማሁም።»

የእኅቴ ልጅ ደብተሩን ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ተቀብለው ሽፋኑን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉትና፣ ከመጣች ብለው ይዘውት ገቡ።